ወረፋ የበዛበት መደርደሪያ፦ የወንጀል ልብ ወለድ እና የቤተ መጻሕፍት የዲጂታል ውል

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ የቤተ መጻሕፍት አባል በስልኩ ላይ ሊቢ የተባለውን መተግበሪያ ከፍቶ ሰሞኑን የታተመ ዝነኛ የወንጀል ልብ ወለድ ቢፈልግ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መጽሐፉን ሳይሆን ወረፋውን ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ስንት ቅጂ እንዳለው፣ ከእርሱ በፊት ስንት ሰው እንደተመዘገበ፣ ተራው እስኪደርስም በግምት ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ይነገረዋል። በአንጻሩ ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈና የቅጂ መብቱ ያበቃ የመርማሪ ታሪክ ቢጠይቅ ብዙውን ጊዜ ሳይጠብቅ ያገኘዋል። ሁለቱም መጻሕፍት ፋይሎች ናቸው፤ ሁለቱንም በአንድ ሌሊት ለሺህ ሰው ማዳረስን የሚከለክል የቴክኒክ ችግር የለም። ልዩነቱን የሚያመጣው ቤተ መጻሕፍቱ ከአሳታሚው ጋር የገባው ውል ሲሆን፣ የውሉ ጥብቅነት የሚሰማውም መጽሐፉ በብዙ ሰው በሚፈለግበት ጊዜ ነው።

ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ገደማ በአሜሪካ ታላላቅ አሳታሚዎችና በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መካከል የቆየው ውዝግብ በአብዛኛው የቴክኖሎጂ ወይም የቅጂ መብት ጉዳይ ተደርጎ ይቀርባል። ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን ጠቡ የተነሣው በተወዳጅ ንባብ የተነሣ ነው፤ በመርማሪ ታሪኮች፣ በልብ አንጠልጣይ የስለላ ድርሰቶች፣ በፍቅርና በሳይንስ ልብ ወለዶች ምክንያት። ለግጥም መድበል ወይም ለጥንታዊ የፍልስፍና መጽሐፍ የውሰት ገደብ ቢጣልበትም ባይጣልበትም የሚጠብቀው ሰው ስለሌለ ገደቡን የሚያስተውል አይገኝም። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተራው አንባቢ የሚወደውን መጽሐፍ፣ መጽሐፉ ገና ትኩስ ሳለ የማቅረብ ኃላፊነት አለበት ወይስ የለበትም የሚለው አሮጌ ጥያቄ ዛሬ በውል አንቀጾች በኩል ተመልሶ መጥቷል።

ጥያቄው አሮጌ ነው መባሉ ማጋነን አይደለም። የቦስተን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሩን ለአንባቢ ከመክፈቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1852 እ.ኤ.አ.፣ ባለአደራዎቹ አንድ ዘገባ አውጥተው ነበር። በዘገባው ዝግጅት ትልቁን ድርሻ የያዘው ጆርጅ ቲክነር ያሰፈረው ሐሳብ ለዘመኑ ደፋር ነበር፤ በወቅቱ ሰው ሁሉ የሚያወራለት አስደሳች መጽሐፍ ብዙዎች በአንድ ጊዜ፣ ወሬው ሳይበርድ ያነቡት ዘንድ በርከት ባለ ቅጂ መገዛት አለበት አለ። ቲክነር የስፓኝን ሥነ ጽሑፍ ታሪክ የጻፈ፣ ብርቅዬ መጻሕፍትን የሚሰበስብ ምሁር እንጂ የልብ አንጠልጣይ ታሪክ ወዳጅ አልነበረም። ሆኖም ማንበብ ያልለመደ ሰው በሚወደው መጽሐፍ ካልጀመረ ወደ ሌላው አይሻገርም የሚል እምነት ነበረው።

ሐሳቡን የሙያ ባልደረቦቹ ሁሉ ወዲያው አልተቀበሉትም። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1876 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ስሜት ቀስቃሽ ናቸው ወይም ከሥነ ምግባር ያፈነገጡ ናቸው የሚባሉ ደራስያንን ሥራዎች የትኞቹ ቤተ መጻሕፍት ከመደርደሪያቸው እንዳገለሉ በጥያቄ ወረቀት አጣርቶ ነበር። በግብር ገንዘብ የመርማሪ ታሪክ መግዛት ተገቢ አይደለም የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት አልበረደም። ወደ ሌላኛው ጫፍ የሄደው የባልቲሞር ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት ነው። ይህ ተቋም ቻርልስ ሮቢንሰን በተባለው ዳይሬክተሩ ዘመን፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ፣ ለሕዝቡ የሚፈልገውን ስጡት የሚል መመሪያ ይዞ ተፈላጊ የሆነውን ልብ ወለድ በብዛት እየገዛ፣ ማንም የማይጠይቀውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ እያነሣ ሠራ። ብዙ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ወቅሰውታል፤ አንባቢው ግን በገፍ ይዋስ ነበር።

የቤተ መጻሕፍትና የአሳታሚ ጉልበት ሚዛን ሁልጊዜ የዛሬውን አይመስልም ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብሪታንያ በ1842 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሙዲ ቤተ መጻሕፍት በዓመታዊ ክፍያ የሚያውስ የንግድ ድርጅት ሲሆን፣ አሳታሚዎች ልብ ወለድን በሦስት ጥራዝ ከፋፍለው በውድ ዋጋ እንዲያትሙ ከሚያደርጓቸው ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ እርሱ ነበር። ሦስት ጥራዝ ማለት አንዱን ልብ ወለድ በአንድ ጊዜ ለሦስት አባላት ማዋስ ይቻላል ማለት ነው፤ ዋጋው ሰማይ ስለነካም አንባቢው ከመግዛት ይልቅ መዋስን ይመርጣል። በ1894 እ.ኤ.አ. ሙዲና ተፎካካሪው ለአንድ ጥራዝ ከተወሰነ ዋጋ በላይ አንከፍልም ሲሉ የባለሦስት ጥራዙ ልብ ወለድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከገበያ ጠፋ። ያን ጊዜ የልብ ወለዱን ዋጋና ቅርጽ የሚወስነው አዋሹ ነበር። ዛሬ የሚወስነው አሳታሚው ነው፤ ይህ ለውጥ የመጣው ደግሞ ወረቀቱ ፋይል ሲሆን ነው።

ምክንያቱ የሕግ ነው። በአሜሪካ ሕግ የወረቀት መጽሐፍ አንድ ጊዜ ከተሸጠ በኋላ አሳታሚው በዚያች ቅጂ ላይ ያለው ሥልጣን ያበቃል፤ ገዢው ሊሸጣት፣ ሊሰጣት ወይም ሊያውሳት ይችላል። ይህን መርህ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1908 እ.ኤ.አ. አጽንቶታል፤ በቀጣዩ ዓመትም በሕግ ተደንግጓል። ቤተ መጻሕፍት አሳታሚውን ሳያስፈቅዱ የሚያውሱት በዚህ መርህ ተደግፈው ነው። ዲጂታል መጽሐፍ ግን አይሸጥም፤ ለቤተ መጻሕፍቱ የሚሰጠው በቅድመ ሁኔታ የታጠረ የመጠቀሚያ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ለስንት ዓመት፣ ለስንት ውሰት፣ በስንት ብር እንደሚሰጥ፣ ወይም ጨርሶ እንደማይሰጥ የሚወስነው አሳታሚው ብቻ ነው። ባለቤት የነበረው ቤተ መጻሕፍት በዲጂታሉ ዓለም ተከራይ ሆነ።

ተከራይነቱ በይፋ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ሃርፐርኮሊንስ የተባለው አሳታሚ አንድ ዲጂታል ቅጂ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ ፈቃዱ ያበቃል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከፈለገ እንደገና ይገዛል ሲል ነው። ቁጥሩ በዘፈቀደ የመጣ አይመስልም፤ 26 ውሰት እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ድምሩ አንድ ዓመት ይሆናል። ኩባንያው የወረቀት መጽሐፍም ሲዋስ ያረጃል የሚል መከራከሪያ አቅርቦ ነበር። በኦክላሆማ ግዛት ያሉ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ለዚህ የሰጡት መልስ ከብዙ የሕግ ትንታኔ የበለጠ ግልጽ ነበር፤ ከ26 ጊዜ እጅግ በላይ የተዋሱ የዚያው አሳታሚ የወረቀት መጻሕፍትን ከመደርደሪያ አውርደው፣ ካሜራ ፊት ገጾቻቸውን እየገለጡ፣ ጥራዛቸው እንዳልላላ፣ ሽፋናቸውም ደህና እንደሆነ በቪዲዮ አሳዩ። አሳታሚው ግን ከውሳኔው አልተመለሰም። እንዲያውም ዛሬ ብዙ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የ26ቱን ውል ኋላ ከመጣው፣ ፈቃዱ በሁለት ዓመት ከሚያበቃበት ውል የተሻለ አድርገው ያዩታል፤ ቢያንስ መጽሐፉ ሳይነበብ ተቀምጦ አይቃጠልም።

የሁለት ዓመቱ ውል የተስፋፋው በ2018 እና በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። ፔንግዊን ራንደም ሃውስ እስከዚያ ድረስ ለዘለቄታው ይሰጥ የነበረውን ፈቃድ ወደ ሁለት ዓመት ለውጦ ዋጋውን በመጠኑ ዝቅ አደረገ፤ አሼት እና ሳይመን ኤንድ ሹስተርም ተከተሉት። ከሁሉ የከረረው እርምጃ የማክሚላን ነበር። ኩባንያው መጀመሪያ ሙከራውን ያደረገው ቶር በተባለው የሳይንስና የምናብ ልብ ወለድ ክፍሉ ላይ ነው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የዚህ ክፍል አዳዲስ ዲጂታል መጻሕፍት ለአራት ወራት ለቤተ መጻሕፍት እንዳይሸጡ አደረገ። ሙከራው በሌላ ዓይነት መጽሐፍ ሳይሆን በተወዳጅ ንባብ መጀመሩ በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ደንበኛው መጽሐፉን ከመዋስ ወደ መግዛት ይሻገር እንደሆነ መለካት የሚቻለው መጠበቅ በማይወድ አንባቢ ነውና።

ከዚያም በኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ ደንቡ ለሁሉም የማክሚላን መጻሕፍት ሆነ። አንድ የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት፣ ትንሽ ከተማንም ያገልግል ሚሊዮን ነዋሪ ያለውን አውራጃ፣ አዲስ መጽሐፍ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ውስጥ መግዛት የሚችለው አንድ ዲጂታል ቅጂ ብቻ ሆነ፤ በ30 ዶላር። ከስምንት ሳምንት በኋላ የፈለገውን ያህል መግዛት ይችላል፤ ዋጋው ግን ለአንዱ 60 ዶላር፣ ዕድሜውም ሁለት ዓመት ነው። ከሲያትል ከተማ ውጭ ያለውን፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንም የሚኖሩበትን አካባቢ የሚያገለግለው የኪንግ ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት ወደ 50 የሚጠጉ ቅርንጫፎች አሉት፤ ለእነዚህ ሁሉ አንባቢዎች አንድ ቅጂ ማለት ስድብ ነው ብሎ ይመስላል፣ የማክሚላንን አዳዲስ ዲጂታል መጻሕፍት መግዛት አቆመ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ቲክነር በርከት ባለ ቅጂ ይገዛ ካለ ከ167 ዓመት በኋላ ውሉ አንድ ቅጂ ብቻ አለ። ማክሚላን እገዳውን ያነሣው በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ.፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ቤተ መጻሕፍት በራቸውን በዘጉበት ሳምንት ነው።

የሁለት ዓመቱን ፈቃድ ክብደት ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ መሥራት ይጠቅማል። ዋጋው 60 ዶላር፣ የውሰት ጊዜው ደግሞ 21 ቀን ነው እንበል። አንድ ፈቃድ ለአንድ ሰው ብቻ በአንድ ጊዜ ስለሚያገለግል፣ አንባቢዎቹ ሁሉ ጊዜያቸውን አሟጠው ከተጠቀሙ በሁለት ዓመት ውስጥ 34 ሰው ያነበዋል። ይህ ብዙም አይከፋም። ነገር ግን አዲስ የወንጀል ልብ ወለድ ለሁለት ዓመት በእኩል አይፈለግም፤ ወረፋው የሚረዝመው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። 340 ሰው ቢመዘገብና ቤተ መጻሕፍቱ ሁሉንም በስድስት ወር ውስጥ ለማስተናገድ ቢፈልግ፣ አንዱ ፈቃድ በስድስት ወር ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰው ብቻ ስለሚያዳርስ 40 ያህል ፈቃድ፣ ማለትም 2,400 ዶላር ለአንድ ልብ ወለድ ያስፈልገዋል። ከዚያ በኋላ ወረፋው ይሟሟል፤ የፈቃዶቹ ሰዓት ግን ለቀሪው አንድ ዓመት ተኩል መቁጠሩን ይቀጥላል። በወረቀት ቢሆን የተረፉት ቅጂዎች በቅርንጫፎች ይከፋፈላሉ ወይም በቤተ መጻሕፍቱ የአሮጌ መጻሕፍት ሽያጭ ላይ ለጥቂት ዶላር ይሸጣሉ፤ ዲጂታሉ ግን ቀኑ ሲደርስ ከዝርዝሩ ይጠፋል።

እዚህ ላይ የወንጀል ልብ ወለድ ከሌላው የሚለይበት አንድ ጠባይ አለ፤ በክርክሩ ውስጥም እምብዛም አይነሣም። የወንጀል ልብ ወለድ በአብዛኛው ተከታታይ ነው። ደራሲው አንድ መርማሪ ይፈጥርና በዐሥር፣ በዐሥራ አምስት መጻሕፍት ያኖረዋል፤ አንባቢው በዘጠነኛው መጽሐፍ ከተማረከ ወደ አንደኛው ተመልሶ ከሥሩ ይጀምራል። በወረቀት መደርደሪያ ላይ ይህ ችግር አይሆንም፤ አንደኛው መጽሐፍ ከሃያ ዓመት በፊት ተገዝቶ ጠርዙ አርጅቶ እንኳ አለ። በሁለት ዓመት ውል ግን ቤተ መጻሕፍቱ የተከታታዩን ሙሉ ሐረግ ለማቆየት እያንዳንዱን መጽሐፍ በየሁለት ዓመቱ እንደ አዲስ መክፈል አለበት፤ አሮጌዎቹን በዓመት ሦስት አራት ሰው ብቻ ስለሚዋሳቸውም የበጀት ኃላፊው መጀመሪያ የሚሰርዘው እነርሱን ነው። ውጤቱ ከመካከሉ ሁለትና ሦስት መጽሐፍ የጎደለው ተከታታይ ይሆናል። ጉዳቱ አንባቢው ላይ ብቻ አያበቃም፤ ሐረጉ የተቋረጠበት አንባቢ ቀጣዩን አዲስ መጽሐፍ በገንዘቡ ለመግዛት ያለው ጉጉት ስለሚቀንስ አሳታሚውም ይጎዳል ብዬ አምናለሁ።

ወረፋ የሌለበት ሌላ አሠራርም አለ። ሁፕላን የመሰሉ አገልግሎቶች አንባቢው መጽሐፉን ወዲያው እንዲያገኝ አድርገው ቤተ መጻሕፍቱን በየውሰቱ ያስከፍላሉ። ለአንባቢው ምቹ ነው፤ ለበጀት ኃላፊው ግን የወሩ ሒሳብ ስንት ሆኖ እንደሚመጣ አይታወቅም። ስለዚህ ብዙ ቤተ መጻሕፍት አንድ አባል በወር የሚዋሰውን ቁጥር ይገድባሉ፤ አገልግሎቱን ጨርሰው የተዉም አሉ።

የአሳታሚዎቹን ወገን ሳይሰሙ መፍረድ አይገባም። የማክሚላን የወቅቱ ኃላፊ ጆን ሳርጀንት በ2019 እ.ኤ.አ. ለደራስያንና ለወኪሎቻቸው በላከው ደብዳቤ፣ በአሜሪካ ከሚነበቡት የኩባንያው ዲጂታል መጻሕፍት 45 በመቶው በቤተ መጻሕፍት በኩል በነጻ የሚነበቡ ናቸው ብሏል። የወረቀት መጽሐፍ ለመዋስ ሰው ከቤቱ ወጥቶ፣ አውቶቡስ ይዞ፣ መጽሐፉን ተሸክሞ ተመልሶ፣ በቀኑ ካልመለሰ ይቀጣ ነበር፤ ይህ ሁሉ ድካም አቅም ያለውን አንባቢ ወደ መጽሐፍ መደብር ይገፋው ነበር። ስልክ ላይ ግን መዋስና መግዛት በአንድ ጣት ንክኪ ብቻ ይለያያሉ። ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው፤ በተለይ ከአንድ መጽሐፍ ሽያጭ እስከ ሌላው መጽሐፍ ድረስ ለሚኖረው መካከለኛ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ። ድክመቱ የተዋሰው ሰው ሁሉ ባይዋስ ኖሮ ይገዛ ነበር የሚለው ግምት ላይ ነው። በሳምንት ሁለትና ሦስት የመርማሪ ታሪክ የሚጨርስ ጡረተኛ ቤተ መጻሕፍት ቢዘጋበት የሚያነበውን ይቀንሳል እንጂ በወር ዐሥር መጽሐፍ አይገዛም።

የደራሲውን ጥያቄ በሌላ መንገድ የመለሱ አገሮች አሉ። ዴንማርክ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጻሕፍቶቻቸው በቤተ መጻሕፍት ለሚገኙ ደራስያን ከመንግሥት ካዝና መክፈል ጀመረች፤ ኖርዌይና ስዊድን ተከተሏት። በብሪታንያ ትግሉ ረጅም ነበር። ጆን ብሮፊ የተባለ ልብ ወለድ ጸሐፊ በ1951 እ.ኤ.አ. አንባቢው ለእያንዳንዱ ውሰት አንድ ፔኒ ለደራሲው ይክፈል የሚል ሐሳብ ቢያቀርብም፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ያገለግላል የሚለውን መርህ ይጥሳል ተብሎ ተቃውሞ ገጠመው። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጁ ብሪጂድ ብሮፊና ሞሪን ደፊ ደራስያንን አስተባብረው ጉዳዩን ፓርላማ አደረሱት፤ ሕጉ በ1979 ወጥቶ የመጀመሪያው ክፍያ በ1984 እ.ኤ.አ. ተፈጸመ። ገንዘቡን የሚከፍለው መንግሥት ሲሆን ክፍያው በውሰት ብዛት ይሰላል፤ አንድ ደራሲ በዓመት ከ6,600 ፓውንድ በላይ አይወስድም።

ጣሪያው የተቀመጠው በተወዳጅ ንባብ ምክንያት መሆኑ ግልጽ ነው። ጣሪያ ባይኖር ጥቂት የወንጀልና የፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ሙሉውን በጀት ጠራርገው በወሰዱት ነበር። ከ2006 እ.ኤ.አ. በኋላ ከዐሥር ዓመት በላይ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በውሰት ብዛት ቀዳሚ የነበረው አሜሪካዊው የልብ አንጠልጣይ ታሪኮች ደራሲ ጄምስ ፓተርሰን ነው፤ የሚያስቀው ነገር ክፍያው ለብሪታንያና ለአውሮፓ ኢኮኖሚያዊ ቀጠና ነዋሪዎች የተወሰነ ስለሆነ ለዚያ ሁሉ ውሰት እርሱ ምንም አይከፈለውም። ከሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕጉ ከርቀት የሚዋሱ ዲጂታልና የድምፅ መጻሕፍትን እንዲጨምር ተደርጓል። የፈቃድ ዋጋ ውድነት በብሪታንያም አለ፤ ቢሆንም ደራሲው በየውሰቱ ጥቂት ሳንቲም ስለሚደርሰው ቤተ መጻሕፍትን እንደ ገበያ ተሻሚ አያይም። አሜሪካ ይህ ሥርዓት የላትም።

በአሜሪካ የተሞከረው በግዛት ሕግ ማስገደድ ነበር። ሜሪላንድ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ዲጂታል መጽሐፍ ለተራ ደንበኛ የሚሸጥ አሳታሚ ለቤተ መጻሕፍትም በተመጣጣኝ ሁኔታ እንዲያቀርብ ግዴታ ጣለች። የአሜሪካ አሳታሚዎች ማኅበር ሕጉ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ክስ መሠረተ፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቱም የቅጂ መብት የፌዴራል ጉዳይ በመሆኑ ግዛት ባለመብቱን ፈቃድ ስጥ ብላ ማስገደድ አትችልም ሲል በ2022 እ.ኤ.አ. ሕጉን ሻረው። የወረቀት መጽሐፍን ስካን አድርጎ በገዛው ቅጂ ልክ ያውስ የነበረው ኢንተርኔት አርካይቭም በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. በይግባኝ ተረታ። ከእነዚህ ሁለት ሽንፈቶች በኋላ ኮኔቲከት በ2025 እ.ኤ.አ. የመረጠችው መንገድ ብልኅነት አለበት፤ አሳታሚውን ሽጥ አትለውም፣ የራሷን ቤተ መጻሕፍት ግን በጊዜም በውሰት ቁጥርም በአንድ ላይ የሚገድብ ውል እንዳይፈርሙ ትከለክላለች። አንድ ትንሽ ግዛት ብቻዋን ብትቆም አሳታሚዎቹ ጀርባቸውን እንደሚሰጧት ስለገባትም፣ ክልከላው የሚጸናው በድምሩ 7 ሚሊዮን ሕዝብ ያላቸው ሌሎች ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ ሲያወጡ ነው የሚል አንቀጽ አስገብታለች።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ሩቅ ሊመስል ይችላል፤ እኛ ዘንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና ተወዳጅ ልብ ወለድ እምብዛም ተገናኝተው አያውቁምና። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር ዋና ሥራው የአገሪቱን ጽሑፍ ማሰባሰብ፣ መጠበቅና ለተመራማሪ ማቅረብ ነው። በ2014 ዓ.ም. በ4 ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ሰፊና ያማረ የንባብ ስፍራ ቢሆንም፣ እንደ ብዙዎቹ የከተማ ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ወንበሮቹን የሚሞሉት በአብዛኛው ለፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎች ናቸው። መጽሐፍ ተውሶ ወደ ቤት መሄድ፣ በአልጋ ላይ ጋደም ብሎ ገዳዩ ማን እንደሆነ እስኪታወቅ ማንበብ፣ በቤተ መጻሕፍት አሠራራችን ውስጥ ቦታ አላገኘም። ሰው ግን ያነብ ነበር። የማሞ ውድነህ የስለላና የጦርነት ታሪኮች፣ የሲድኒ ሼልደን ልብ ወለዶች የአማርኛ ትርጉሞች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ገጻቸው እስኪሳሳ የተነበቡ ናቸው።

ያዞራቸውም መጽሐፍ አከራዩ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በክፍለ ሀገር ከተሞች መንገድ ዳር መጻሕፍት የሚደረድረው ነጋዴ ከመሸጥ ጎን ለጎን ያከራያል። ተከራዩ መያዣ ገንዘብ ወይም መታወቂያ ይተዋል፤ አከራዩ በደብተሩ ስሙን፣ የመጽሐፉን ርእስና የወሰደበትን ቀን ይመዘግባል። ሽፋኑን በካርቶን ደግፎ በፕላስቲክ ይለብጠዋል፤ የተገነጠለውን ገጽ በሙጫ ይመልሳል። መጽሐፉ በጣም ሲፈለግ የኪራዩን ቀን ያሳጥራል፤ ሊቢም ለተፈላጊ መጻሕፍት ለሰባት ቀን ብቻ የሚዋሱና ወረፋ የማይያዝባቸው ቅጂዎችን በማቅረብ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አከራዩ ደንበኛው የሚወደውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ባልቲሞር በመመሪያ የደረሰችበትን እርሱ በንግድ ደርሶበታል።

ደራሲው ግን ከዚህ ኪራይ የሚያገኘው የለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ሥራን በሽያጭ ወይም በኪራይ የማሰራጨት መብት የባለመብቱ መሆኑን ቢደነግግም፣ ከመንገድ ዳር ደብተር ላይ የደራሲውን ድርሻ ለይቶ የሚሰበስብ አሠራር የለም። አሁን ደግሞ የአከራዩን ቦታ ቴሌግራም እየወሰደው ነው። የወጣ ልብ ወለድ ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በፒዲኤፍ ይለቀቃል፤ ወረፋ የለም፣ መያዣ የለም፣ ክፍያም የለም። ቤተ መጻሕፍት ተወዳጅ ንባብን ባላቀረቡበት ቦታ ክፍተቱን የሚሞላው ሌላ ሰው እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

በውጭ የሚኖረው የአማርኛ አንባቢም ቢሆን ከዚህ ችግር አላመለጠም። የሲያትል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ ስብስብ አለው፤ ነገር ግን የውጭ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚገዙት የመለያ ቁጥር፣ የታወቀ አቅራቢና ደረሰኝ ሲኖር ነው። አዲስ አበባ ላይ ደራሲው ራሱ ከማተሚያ ቤት አውጥቶ ለአከፋፋይ የሰጠው የወንጀል ልብ ወለድ ይህን መንገድ ተከትሎ ባሕር ማዶ ለመድረስ ይቸገራል፤ ስለዚህ የሚጓዘው በዘመድ ሻንጣ ነው።

የአማርኛ ዲጂታል መጻሕፍት ገበያ ገና በመሠራት ላይ በመሆኑ፣ አሜሪካኖቹ ከፈረሙ በኋላ ሊያስተካክሉት የሚታገሉትን ውል እኛ ገና ሳንፈርም መደራደር እንችላለን። አንድ ቤተ መጻሕፍት ከአማርኛ አሳታሚ ወይም ደራሲ ጋር ሲዋዋል ፈቃዱ በጊዜ ሳይሆን በውሰት ቁጥር እንዲያልቅ፣ የተከታታይ ልብ ወለድ ቀደምት ክፍሎች በዝቅተኛ ዋጋ አብረው እንዲሰጡ፣ ተፈላጊ መጽሐፍ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ተጨማሪ ቅጂ በአጭር ጊዜ ፈቃድ መከራየት እንዲቻል መጠየቅ ይችላል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ የብሪታንያው መልስ የመንግሥት በጀት ነበር፤ በእኛ አቅም ይህ በቅርቡ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። ይሁን እንጂ እንግሊዞች አንባቢው አይክፈል ብለው የተቃወሙት የብሮፊ ፔኒ በእኛ አገር ለአሥርት ዓመታት ሲከፈል ኖሯል፤ የኢትዮጵያ አንባቢ ለእያንዳንዱ ኪራይ ከኪሱ ሲከፍል ቆይቷል፤ ክፍያው ያልደረሰው ለደራሲው ብቻ ነው። ከቴሌብር በሚቆረጥ ትንሽ የኪራይ ሒሳብ የአማርኛ ልብ ወለድ ወደ ስልክ የሚልክ፣ ከእያንዳንዱ ኪራይም ለደራሲው ድርሻውን የሚያካፍል አገልግሎት በአንድ የከተማ ቤተ መጻሕፍት ቢሞከር፣ የሚያስፈልገው አዲስ ልማድ መፍጠር ሳይሆን ያለውን ልማድ ደብተር ማስተካከል ነው።